ልጅቷ ትመጣለች

መጽሐፍ አንብቦ የተዋረደ ሰው አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ እኔን እዩኝ። ያውም ከዳር እስከ ዳር አንብቤ፣ ከኋላው ያለውን የቃላት መፍቻ ሳይቀር ጨርሼ።

ነገሩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውን የዱንን ፊልም ላሳያችሁ ብዬ ቤተሰቤን ሰብስቤ ሲኒማ ቤት ያስገባሁ ቀን ነው። ያኔ መጽሐፉን አላነበብኩትም። የማውቀው ትልልቅ የአሸዋ ትሎች እንዳሉበት ብቻ ነበር። ታናሽ ወንድሜ፣ እህቴ፣ እማዬና ጋሼ ተደርድረን ተቀመጥን። ጋሼ የእማዬ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ አየን። በረሃ፣ ሹክሹክታ፣ ደረት የሚያንቀጠቅጥ ሙዚቃ፣ እንደገና በረሃ። ልክ ነገሩ ሲሞቅ፣ ልጁና እናቱ ከበረሃው ሰዎች ጋር ተቀላቅለው ጉዞ ሲጀምሩ፣ ቻኒ የምትባለው የበረሃዋ ልጅ ዞር ብላ "ይሄ ገና ጅማሬው ነው" አለችና ፊልሙ አለቀ።

አለቀ!

ከፊታችን የተቀመጠ ሰውዬ "ማሽኑ ተበላሸ እንዴ?" ሲል ሰማሁት። እማዬ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀሪውን እየጠበቀች ነው። ጋሼ ወደኔ ጠጋ ብለው "ዕረፍት ነው?" አሉኝ።

"አይ ጋሼ፣ አልቋል።"

"ምኑ?"

ምን ብዬ ልመልስ። ለካ መጀመሪያ ላይ "ክፍል አንድ" የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። እኛ ያኔ በጨለማ የወንበር ቁጥር እየፈለግን የሰው እግር እየረገጥን ነበር። ፖስተሩ ላይ ደግሞ "ዱን" ብቻ ነው የሚለው። ጥፋቱ የኔ አልነበረም፤ ግን ያመጣኋቸው እኔ ስለሆንኩ እስከ ቤት ድረስ የተወቀስኩት እኔ ነኝ። ፊልሙ በኋላ ስድስት ኦስካር ሲወስድ እንኳ ወንድሜ "ለግማሽ ፊልም ስድስት ከሰጡ ሙሉው ቢሆን ምን ሊሰጡት ነው?" አለ።

ስለዚህ ማልኩ። ሁለተኛው ክፍል እስኪመጣ የማላውቀው ነገር አይኖርም አልኩ። መጽሐፉን ፈልጌ አገኘሁ።

ፍራንክ ኸርበርት በ1965 ያሳተመው ይህ ልብ ወለድ ትራስ ያህላል። አንድ ገጽ ታነባለህ፣ ያልገባህን ቃል ፍለጋ ወደ መጨረሻው ትገልጣለህ፣ እዚያ ያገኘኸውን ፍቺ ለመረዳት ሌላ ቃል ትፈልጋለህ፣ ስትመለስ የት እንደነበርክ ጠፍቶሃል። ሦስት ወር ፈጀብኝ። ግን ጨረስኩት። ከጨረስኩት በኋላ ደግሞ እኔን መቻል ከባድ ሆነ፤ ይሄን አምናለሁ።

ምን ቢወራ ዱንን ሳላስገባ አላልፍም። መጽሐፉን ብዙ አሳታሚዎች አንፈልግም ብለው ሲመልሱት በመጨረሻ ያሳተመው ቺልተን የሚባል፣ የመኪና ጥገና መጻሕፍት በማሳተም የሚታወቅ ድርጅት መሆኑን ቢያንስ ዐሥር ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። ዴቪድ ሊንች በ1984 ፊልም ሲሠራው፣ ተመልካቹ ግራ እንዳይገባው አንዳንድ ሲኒማ ቤቶች የቃላት ፍቺ የታተመበት ወረቀት ያድሉ እንደነበርም እንዲሁ። ጉድ የሠራችኝ ይቺ የወረቀት ወሬ ናት። ሁለተኛው ክፍል በ2024 ሲወጣ እኔም የራሴን ወረቀት አዘጋጀሁ። ፊትና ጀርባ፣ ለአራት ሰው አራት ኮፒ። ማን የማን ልጅ ነው፣ ማን ማንን ይጠላል፣ ያ ሰው ሁሉ የሚጣላበት የበረሃ ቅመም ሲቀመስ ምን ያደርጋል። ከታች በደማቁ፦ "አሊያን ጠብቁ!!"

አሊያ የዋናው ገጸ ባሕርይ የፖል ታናሽ እህት ናት። እናቷ እሷን አርግዛ ሳለ አንድ መርዛም ፈሳሽ ትጠጣለች፤ በዚህ የተነሳ ልጅቷ የቅድመ አያቶቿን ትዝታ ሁሉ ይዛ ትወለዳለች። ገና ትንሽዬ ሆና እንደ አሮጊት ታወራለች። መጨረሻ ላይ የቤተሰቧን ጠላት፣ ያንን አየር ላይ የሚንሳፈፍ ወፍራም ባሮን በመርዝ መርፌ ወግታ የምትገድለው እሷ ናት። ይሄን እያስመሰልኩ፣ ድምፄን እያቀጠንኩ፣ መርፌውን በጥርስ መፋቂያ እያሳየሁ ተረክሁላቸው።

እማዬ "ሕፃን ልጅ?" ብላ አፏን ያዘች።

ወንድሜ "ቀደዳህን ተው" አለኝ።

"ካልመጣች ስሜን ቀይረው!" አልኩት። እንዲህ ነው ያልኩት፣ ቃል በቃል።

ሁለት ሰዓት ከአርባ ስድስት ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም ላይ ከኔ አጠገብ መቀመጥ ምን እንደሚመስል እህቴን ጠይቋት። "ይሄ እኮ መጽሐፉ ላይ" የሚለውን ሐረግ አርባ ጊዜ ድረስ ቆጥራ እንደተወችው ነግራኛለች። ጋሼ ወረቀቱ አልታይ ሲላቸው የስልኬን መብራት አበራሁላቸው። ከኋላችን "ኧረ በፈጣሪ!" የሚል ድምፅ መጣ። መብራቱን ላጠፋ ስል ይባስ ካሜራውን ከፈትኩትና ብልጭ አለ።

ወንድሜ ሽንት ቤት ሲሄድ በመተላለፊያው ላይ እንደ በረሃው ሰዎች አንድ እግሩን እየጎተተ፣ ቆም እያለ፣ ዘለል እያለ ሄደ። ፊልሙ ላይ ትሉ እንዳይሰማቸው ነው ምት ሳይጠብቁ እንደዚያ የሚራመዱት። ሰው ሁሉ ሳቀለት። እኔ ሳወራ የተቆጡት ሰዎች ናቸው የሳቁለት። ጋሼ ደግሞ በዚህ መሀል እንቅልፍ ወስዷቸው ማንኮራፋት ጀመሩ፣ ያውም ምት ጠብቀው። ትል ለመጥራት አሸዋ ላይ የሚተከለው መደብደቢያ ልክ እንደዚያ ነው ድምፁ። "ቀስቅሷቸው፣ ትሉ ይመጣል" አለች እህቴ።

እኔ ግን ሐሳቤ ልጅቷ ላይ ነው።

አንድ ሰዓት አለፈ። "የታለች?" አለ ወንድሜ። "ትመጣለች" አልኩ። እናትየው ጄሲካ ከሆዷ ጋር ታወራለች። ፅንሷም ትመልስላታለች፣ ይሄ ጥሩ ምልክት ነው። መጽሐፉ ላይ በዚህ መሀል ዓመታት ያልፋሉ፣ ልጅቷም ተወልዳ መሮጥ ትጀምራለች። እዚህ ግን ዓመት የሚባል ነገር አያልፍም። አንድ ጦርነት፣ ሆድ። ሌላ ጦርነት፣ ያው ሆድ። ፊልሙን ትቼ ሆድ ማየት ጀመርኩ።

"ስንት ወሯ ነው?" አለችኝ እማዬ በሹክሹክታ።

"እንጃ።"

አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትንሽ አየችና "በዚህ አያያዝ ዛሬ አትወልድም" አለች። አራት ልጅ የወለደች ሴት ናት፣ ታውቀዋለች። ልቤ ያኔ ነው የራደው።

ከዚያ ፖል ራእይ ሲያይ አንያ ቴይለር-ጆይ ብቅ አለች። ባሕር ዳር ቆማለች፣ ቆንጆ፣ ያደገች ሴት። አሊያ! ከመቀመጫዬ ተነስቼ "እሷ ናት!" ብዬ ጮህኩ።

"ቁጭ በል!" አለ ከኋላ ያለው ሕዝብ።

"ሕፃን ናት አላልክም?" አለ ወንድሜ።

"ወደፊት ስታድግ ነው፣ ራእይ ነው!"

"መርፌውስ?"

ወደ ስክሪኑ ስዞር የለችም። ሄዳለች። ያን ያህል ነች።

አሁንም ተስፋ አልቆረጥኩም። ባሮኑ እስካለ ድረስ አንድ ቦታ ብቅ ማለቷ አይቀርም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ባሮኑ መሬት ላይ እየተጎተተ ወደ ዙፋኑ ሲሄድ የወንድሜን ክንድ ጨመቅኩ። "አሁን! አሁን እይ!" ፖል ራሱ መጣና በስለት አንገቱን ወጋው።

ሦስት ጭንቅላት ወደኔ ዞረ። በስክሪኑ ብርሃን ስድስት ዓይን ታየኝ። ጋሼ እንደተኙ ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እህቴን ደግሞ ሌላ ነገር ነግሬያታለሁ፦ መጨረሻ ላይ ፖል ለሥልጣን ሲል የንጉሡን ልጅ ያገባል፣ ቻኒም ነገሩን ተቀብላ ከጎኑ ትቀራለች። መጽሐፉ ላይ እንደዚያ ነው። እህቴ ይሄን ሰምታ ሳምንቱን ሙሉ ስትናደድ፣ ከኔ ጋር ስትጨቃጨቅ፣ እኔ የጻፍኩት ይመስል ስትገላምጠኝ ከርማለች። ፊልሙ ላይ ቻኒ ጥላው ወጣች። ብቻዋን በረሃው ላይ ትል ጠርታ ልትሄድ ስትል እህቴ "እሰይ!" ብላ አጨበጨበች። ሌሎች ሴቶችም አጨበጨቡ። ከዚያ ወደኔ ዞራ "ይሄንንም አላነበብከውማ" አለችኝ።

ስንወጣ ለማስረዳት ሞከርኩ። ኸርበርት አዳኝ ነኝ የሚልን መሪ በጭፍን አትከተሉ ሊል እንደፈለገ፣ ዳይሬክተሩ ዴኒ ቪልነቭም ቻኒን ያሳመፃት ይሄ እንዲጎላ መሆኑን፣ ዓመታቱን በእርግዝናው ልክ ስላሳጠረው ልጅቷ መወለጃ ጊዜ እንዳጣች። እኔ በበኩሌ ለውጡ ጥሩ ነው እላለሁ፤ ባላገኘኝ ኖሮ ማለቴ ነው። ማን ይስማኝ። ስለ ፊልሙ ሲከራከሩ የሰማኋቸውን ሁለት ጎረምሶች አስቆምኩ።

"ወንድሜ፣ መጽሐፉን ታውቀዋለህ አይደል? ባሮኑን አሊያ አይደለችም የገደለችው?"

"እኔ ጌሙን ነው የማውቀው" አለኝ።

ወንድሜ ትከሻዬን አቅፎ፣ በጣም በሚያዝን ድምፅ፣ "እኔ ምን ጠረጠርኩ መሰለህ፣ ያ አሳታሚ የመኪና መጽሐፍም ያትማል ብለኸን የለ? ያነበብከው የካርቡሬተሩን ነው" አለ። እማዬ እስክታነባ ሳቀች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ ቤት የዘገየ ነገር ሁሉ "ልጅቷ ትመጣለች" ነው። ታክሲ ሲዘገይ ልጅቷ ትመጣለች። እኔ ብድር እመልሳለሁ ስል ልጅቷ ትመጣለች። የእህቴ ባል ፊልሙን እንኳ ያላየ ሰው ነው፣ እሱም ይላል።

ጋሼ መጽሐፉን ተዋሱኝ። እንቅልፍ ሊያመጣላቸው ይሆናል ብዬ ሰጠኋቸው። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ሌሊት ስልኬ ጮኸ።

"አንተ ልጅ፣ አገኘኋት።"

"ማንን ጋሼ?"

"ልጅቷን ነዋ! ከነመርፌዋ!"

እንባዬ መጣ ስላችሁ። "ጋሼ በሞቴ፣ ለነሱ ይንገሩልኝ! አሁኑኑ ይደውሉላቸው!"

ዝም አሉ። ገጽ ሲገልጡ ይሰማኛል።

"እሱን እንኳ ተወው" አሉ በመጨረሻ። "እናትህ እንደዚህ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ ነው።" ትንሽ ቆዩና ደግሞ፣ "እኔም ትናንት አንዲት ቀልድ ጨምሬባታለሁ፣ ወንድምህ ወዷታል" ብለው ዘጉት።

መጽሐፌን እስካሁን አልመለሱም። ስጠይቃቸው ምን እንደሚሉኝ ታውቁታላችሁ።