«አይለያዩማ!»

የሽያጭ ኃላፊያችን ዳታቤዙ ውስጥ ያለውን የደንበኛ መረጃ በሺት (በጉግል ሺትስ ሰንጠረዥ) ማየቱ አልበቃውም፣ እዚያው ማስተካከልም አማረው። ሲንኩ፣ ማለትም የአንዱን ለውጥ ወደ ሌላው የሚያደርሰው ነገር፣ በሁለቱም አቅጣጫ ይሁን አለ። ፖስትግሬስ (ዳታቤዛችን) ላይ የተቀየረው ጉግል ሺትስ ላይ፣ ሺቱ ላይ የተቀየረው ፖስትግሬስ ላይ። ስብሰባው ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኩ። «የአንድ ደንበኛ ስልክ እዚህና እዚያ ቢለያይ የቱን እንመን?»

ሰውዬው ከት ብሎ ሳቀ። «ኧረ ወንድሜ፣ አይለያዩማ! ለዚህ አይደል እንዴ ሲንክ የምናስደርገው?»

ሁሉም ሳቀ። የሚገርመው፣ ለዚህ ንግግር እስካሁን ጥሩ መልስ አላገኘሁለትም።

ለሲንኩ የተገዛው መሣሪያ ሁለቱ ሲለያዩ ሕጉ «መጨረሻ የጻፈ ያሸንፋል» ነው። ሌላ ሌላውን አሳምሮ ይሠራል። ራሱ የጻፈውን እንደ አዲስ ለውጥ ቆጥሮ መልሶ አይልክም። ከስልክ ቁጥር ፊት ያለችውን ዜሮ ሺቱ እንዳይበላት ደግሞ ኮለሙን ጽሑፍ አድርገነዋል።

ከዚያ አንድ ቀን ከሽያጭ ክፍል አንድ ሰው የስልኩን ኮለም ብቻ መርጦ ደረደረው። ኤክሴል ቢሆን አጠገቡ ያሉትንም ልጨምር ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጉግል ሺትስ ግን የተመረጠለትን ደርድሮ ዝም። መለያ ቁጥሩ ባለበት፣ ስሙ ባለበት፣ ስልኩ ብቻ ከትንሽ ወደ ትልቅ። ሲንኩ ደግሞ ታማኝ ነው፣ ረድፍ በረድፍ እየሄደ ሁሉንም ዳታቤዙ ውስጥ ከተተው። እውነትም አልተለያዩም! (ማን እንደደረደረው አልናገርም። የሺቱ ሂስትሪ ግን ስምና ሰዓት ይይዛል፤ ስብሰባው ላይ ቀድሞ የሳቀው ማን እንደነበርም አልረሳሁም።)

የማያውቁት ሰው ዕዳ በቴክስት የደረሳቸው ደንበኞች መደወል ሲጀምሩ ኃላፊው እየሮጠ መጣ። «ዳታቤዛችሁ ተበላሽቷል!» ዳታቤዛችሁ። ጠዋት እኮ «ሲስተማችን» ነበር። መጀመሪያ ሲንኩን እናጥፋው ብል ማን ይስማኝ፣ እሱ ከጠፋ ሽያጭ ይቆማል፣ ባክአፑን (የዳታቤዙን የተቀመጠ ቅጂ) አሁኑኑ መልሱ ተባለ። ተመለሰ። ባክአፑ የትናንት ነው፣ ሺቱ ላይ ያለው ለውጥ የዛሬ። መጨረሻ የጻፈ ያሸንፋል አይደል? ተስተካክለው የነበሩት ስልኮች ዓይናችን እያየ እንደገና ሲዘበራረቁ ኃላፊው ከኋላዬ ቆሞ ነበር። እኔ ቃል አልወጣኝም። ፊቴ ግን ሳይናገር የቀረ አይመስለኝም።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አለ ቀስ ብሎ።

«የቱን እንመን?» አልኩት።

የዚያን ቀን ሲንኩ ጠፍቶ፣ ዳታቤዙ ተመልሶ፣ ሺቱ ከእሱ እንደ አዲስ ተሞላ። አሁን መረጃው ከዳታቤዝ ወደ ሺት ብቻ ነው የሚፈሰው። ከሺት የሚመለሰው የ«አስተያየት» ኮለም ብቻ ነው፣ የቀረው ተቆልፏል። ኃላፊው ግን ለበላይ ሪፖርት ሲያቀርብ እስከ ዛሬ «በሁለቱም አቅጣጫ» ይላል። እኔም አላርመውም፣ በጀቱ የጸደቀው በዚያ ስም ነው።