ፒኖ ኑዋርን በቀለሙ አትፍረዱበት

ካሊፎርኒያ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ናፓ ይሄዳል፤ ፀሐይ የጠገበ፣ ጠቆር ያለ፣ ከባድ ቀይ ወይን። የኔ ልብ ያለው ግን ሳንታ ባርባራ አካባቢ፣ ስታ ሪታ ሂልስ ነው፤ ፒኖ ኑዋር የተባለው ቀይ የወይን ዝርያ የሚበቅልበት። የካሊፎርኒያ ዳርቻ ተራሮች በአብዛኛው ከሰሜን ወደ ደቡብ ተዘርግተዋል። እዚህ ጋ ግን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይተኛሉ፤ ሸለቆው በቀጥታ ለፓስፊክ ክፍት ነው። ጠዋት ጉም ይገባል፣ ከሰዓት ንፋስ። ወይኑ ቀስ ብሎ ይበስላል፤ ኮምጣጣነቱንም አይጥልም።

ሪቻርድ ሳንፎርድና ማይክል ቤኔዲክት እዚያ ወይን የተከሉት እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። የእርሻው ፍሬ ዛሬም ለተለያዩ ጠማቂዎች ይሸጣል። ለቀማሽ ይህ ትልቅ ዕድል ነው፦ አፈሩ አንድ፣ እጁ የተለያየ። እኔም የአንድ ዓመት ምርት የሆኑ፣ የተለያዩ ጠማቂዎች ፒኖ ኑዋሮችን ሰብስቤ ቤቴ ከጓደኞቼ ጋር ቀመስኩ። የትኛው የማን እንደሆነ እንዳናውቅ ጠርሙሶቹን በወረቀት ከረጢት ሸፈንን። የቀዳልን የማይቀምስ ጓደኛችን ነው።

ነጥብ አሰጣጡን የጀመርኩት ከዩሲ ዴቪስ (የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ዴቪስ) ባለ 20 ነጥብ የወይን መመዘኛ ቅጽ ነው። እሱ ግን ወይኑ ጥርት ብሎ ለመታየቱና ለቀለሙ 4 ነጥብ ይሰጣል። ፒኖ ኑዋር ቆዳው ስስ ነው፤ ቀለሙ በተፈጥሮው ሳሳ ይላል። ብርጭቆው ጀርባ ጣቴ የሚታየኝ ወይን ለምን ነጥብ ይቀነስበታል? ስለዚህ ለመልክ 1 ብቻ ትቼ የቀረውን ለኮምጣጣነቱ ሚዛንና ጣዕሙ አፍ ውስጥ ለሚቆይበት ጊዜ ሰጠሁት።

ኮምጣጣነቱን የምለካው እንዲህ ነው። እንደ ቡና ቀማሽ ከአየር ጋር በድምፅ እስበዋለሁ፣ አገላብጬ እተፋዋለሁ፣ ከዚያ አንገቴን ደፋ አደርጋለሁ። ምራቄ ቶሎ ከሞላ አሲዱ ጠንካራ ነው። ጥያቄው ፍሬው ይችለዋል ወይ ነው። አንደኛው ወይን መጀመሪያ ቼሪ፣ ቀጥሎ የብርቱካን ልጣጭ፣ መጨረሻ ላይ ጥቁር ሻይ ይሸታል፤ ምራቄን ሞልቶም ፍሬው አልጠፋም። በጣም ደስ አለኝ።

ሙቀቱ ውጤቱን ይገለብጠዋል፣ በእውነት። የሳሎን ሙቀት ላይ የነበረው አልኮሉ አፍንጫ ይመታል። 14 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲወርድ ያው ወይን ሰብሰብ ይላል። ቀዝቃዛ ቦታ ስለበቀለ ደግሞ ቀላል ነው ብላችሁ እንዳትጠብቁ፤ የመብሰያው ጊዜ ረጅም ስለሆነ ከ14 በመቶ በላይ አልኮል ያለው ፒኖ እዚያ ብዙ ነው።

ሁሌም ሁለት ጊዜ ነጥብ እሰጣለሁ፦ እንደተከፈተና ሰዓት ቆይቶ። መጀመሪያ ጎልተው የወጡት፣ የእንጨት በርሜል ሽታቸው የበዛው፣ ቆይተው ወደቁ። ዝም ያሉት ተከፈቱ። ከምግብ ጋር ስሞክራቸው በርበሬ የበዛበት ወጥ አልኮሉን አቃጣይ አደረገው፤ ከአልጫና ከለስላሳ ጥብስ ጋር ግን ግሩም ነበሩ።

ቀጥሎ ተራው የዚያው አካባቢ ሻርዶኔ የተባለው ነጭ ወይን ነው። አንዳንዱ ቅቤ ቅቤ ይሸታል፤ ይህም ባክቴሪያዎች ጠንካራውን ማሊክ አሲድ ወደ ለስላሳው ላክቲክ አሲድ ሲለውጡ የሚመጣ ነው። ያንን ሽታ ከቀዝቃዛው ንፋስ ከመጣው ኮምጣጣነት ጋር ማን እንዳስማማው በተሸፈነ ጠርሙስ አያለሁ።