ያላቆጠቆጠው ዘንባባ

አንድ ሆቴል ውስጥ አትክልተኛ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ዛሬ የምጽፈው በሦስተኛው ዓመት በገዛ እጄ ስለገደልኳቸው ሦስት ዘንባባዎች ነው። ቤቱ ውስጥ ዘንባባ የሚያሳድግ ሰው ብዙ ነው፤ ሳይቆርጥ በፊት ቢያነበው ደስ ይለኛል።

ሎቢያችን ውስጥ ሁለት ትልልቅ ዘንባባዎች ነበሩ። አንዱ መስኮቱ ጋ፣ ሌላው እንግዳ መቀበያው ጎን። ሁላችንም «ዘንባባ» ነው የምንላቸው። የንብረት መዝገቡም «ዘንባባ፣ 2» ይላል። ሌላ ስም አልነበራቸውም።

የመስኮቱ ዘንባባ ቶሎ ያድጋል። ሲበዛብኝ ረጃጅሞቹን አገዳዎች አፈሩ አጠገብ በመጋዝ እቆርጣቸዋለሁ። ከሥር ሌላ ይወጣል። ሁለት ጊዜ ቆርጬው ሁለቴም አምሮበታል።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጇ ጠሩኝ። የእንግዳ መቀበያው ዘንባባ የጣሪያውን መብራት መንካት ጀምሯል። «እንደ ወዲያኛው አሳጥርልኝ፤ እንግዶች ሳይበዙ» አሉኝ።

እውነት ለመናገር ፈራሁ። ከመስኮቱ ዘንባባ የተለየ ነገር ነበረው፤ ግን ልዩነቱ ምን እንደሆነ በቃል መናገር አልቻልኩም። በር ላይ ያሉትን የጥበቃ ሠራተኛ ጠየቅኳቸው። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ያደጉት ገጠር፣ ወንዝ ዳር ነው።

«ጋሼ፣ ይሄኛው ቢቆረጥ ይጎዳል ይላሉ?»

«ዘንባባ ቢቆርጡት ይሞታል እንዴ ልጄ? እኛ ወንዝ ዳር ያለውን ስንቆርጥ አይደል ያደግነው! ከጎኑ ያቆጠቁጣል።»

ጋሼ እውነታቸውን ነው። የአገራችን የወንዝ ዳር ዘንባባ፣ ሳይንሱ ፊኒክስ ሬክሊናታ የሚለው፣ ከአንድ ሥር ብዙ ግንድ ያወጣል። አንዱ ቢቆረጥ ሌላው ይተካል። ለሆሳዕና ግንባራችን ላይ የምናስረው፣ ለጣታችን ቀለበት የምንሠራበት ቅጠል የሚመጣው ከእንደዚህ ዓይነቱ ነው። ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን ያዩትን ነገሩኝ። እኔም የራሴን ሁለት ጊዜ ጨመርኩበትና ልቤ ሞላ።

መትከያው ውስጥ አራት ግንዶች ነበሩ። ሦስቱን ረጃጅሞች ከአፈሩ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ ቆረጥኳቸው። አንዲት ትንሽ ቀረች። መብራቱ ነጻ ወጣ፤ ሥራ አስኪያጇ አመሰገኑኝ።

ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ። ወር ሞላ። ምንም የለም። ውሃ አንሶት ይሆናል ብዬ እንደ በፊቱ ሳላጎድል አጠጣሁ። ጉቶዎቹ መጀመሪያ ቡናማ ሆኑ፤ ቆይተው በጣት ሲነኳቸው መላሸቅ ጀመሩ። በሁለተኛው ወር ያቺ የቀረችውም ቢጫ መሆን ጀመረች። ያን ቀን ደነገጥኩ።

ከመቁረጤ በፊት በስልኬ ያነሳሁት ፎቶ ነበር። መንገድ ዳር ችግኝ የምትሸጥ ሁልጊዜ አፈር የምገዛት ሴት አለች፤ ወስጄ አሳየኋት። ፎቶውን አሳድጋ ግንዱ ሥር አየች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ይሄ እኮ አንድ ዘንባባ አይደለም፤ አራት ነው» አለችኝ።

በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ዓመት ያላየሁትን አሳየችኝ። የእንግዳ መቀበያው ዘንባባ ኬንቲያ ይባላል። መገኛው ሎርድ ሃው የምትባል የአውስትራሊያ ደሴት ነው። ኬንቲያ ከአንድ ሥር አንድ ግንድ ብቻ ነው የሚያወጣው። ብቻውን ሲሆን ስለሚሳሳ፣ ሻጮች ሦስት አራቱን አንድ መትከያ ውስጥ አብረው ይተክሏቸዋል። ለማያውቅ ሰው አንድ ተክል ይመስላል። የመስኮቱ ደግሞ አሬካ ነው፤ የማዳጋስካር ዘንባባ፣ በተፈጥሮው ከሥሩ እየበዛ የሚሄድ።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ጉቶው ራሱ ያቆጠቁጣል። የቤት ዘንባባ ጉቶ ግን እንደዚያ አይደለም። እያንዳንዱ ግንድ አዲስ ቅጠል የሚያወጣበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጫፉ ላይ ነው። ያ ጫፍ ከተቆረጠ ያ ግንድ አለቀለት። አሬካም ቢሆን የተቆረጠው አገዳ አይመለስም፤ የሚተካው ከሥሩ የሚወጣ ሌላ ወንድሙ ነው። ኬንቲያ ወንድም የለውም።

መለየቱ ከባድ አይደለም። የአሬካ አገዳ እንደ ቀርከሃ ቀለበት ቀለበት አለው፤ ቅጠሉን የሚሸከመው ዘንግም ወደ ቢጫ ያደላል። የኬንቲያ ዘንግ አረንጓዴ ነው፤ ቅጠሉ ሰፋ ያለና ጠቆር ያለ ሆኖ ወደ ታች ዘንበል ይላል። ከሁሉም የማምነው ግን ጣትን ነው። አፈሩን ትንሽ ገለጥ አድርጎ ግንዶቹ ታች ተያይዘው እንደሆነ ማየት። እያንዳንዱ ለብቻው ከተተከለ ለብቻው ነው የሚሞተው።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። አዘኑ። ኬንቲያ በጣም ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ዋጋው ውድ ነው፤ እዚህ ሲደርስ ደግሞ ይብሳል። ዝም ብለው ቆዩና «የቀረችውን አትርፍልኝ» አሉኝ። ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ከቁጣ የበለጠ ከበደኝ።

ትንሿ ለምን እንደታመመች ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ለአራት ተክል የሚሆን ውሃ ለአንዲት እየሰጠኋት ነበር። የሦስቱ ሥር መጠጣት ሲያቆም አፈሩ ጭቃ ሆኖ ቀረ። ውሃውን ቀነስኩ። ጣቴን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገብቼ ደረቅ ካልሆነ አላጠጣም። የመትከያው ቀዳዳ በአፈር ተደፍኖ ነበር፤ ከፈትኩት። ጉቶዎቹን ነቅዬ ላወጣቸው አስቤ ተውኩት፤ ሥራቸው ከእሷ ሥር ጋር ተጠላልፏል፣ ኬንቲያ ደግሞ ሥሩ ሲነካ አይወድም። ብርሃን ወዳለበት ጠጋ አደረግኳት፤ ፀሐይ ግን በቀጥታ አይመታትም።

በዚያው ሰሞን የንብረት መዝገቡን ከፍቼ «ዘንባባ» የሚለውን ሁሉ ሰረዝኩና በየስማቸው ጻፍኳቸው። ባለፈው ዓመት ለልጆች መጫወቻው ጥግ አዲስ «ዘንባባ» መጣ። አጭር፣ ግንዱ ወፍራም፣ ቅጠሉ ጠንካራና የሚዋጋ። ሳይካስ ነው፤ ሳጎ ዘንባባ ይሉታል እንጂ ዘንባባ አይደለም። ሁለመናው መርዝ ነው፣ ፍሬው ደግሞ ይብሳል፤ ልጅም ውሻም ቢበላው ጉበት ይጎዳል። ከመኪናው ሳይወርድ እንዲመለስ አደረግኩ።

ትንሿ ኬንቲያ አምስት ወር ሙሉ ምንም አላሳየችም። ቢጫዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። አንድ ጠዋት ከመሃሏ እንደ ጦር የቆመ የተጠቀለለ ቅጠል አየሁ። ሮጬ በር ላይ ሄጄ ጋሼን ጠራኋቸው። መጥተው ጎንበስ ብለው አዩዋት። በጣታቸው ሊነኳት ካሉ በኋላ እጃቸውን ሰብሰብ አደረጉ።