ከልብ ቫልቭ ቀዶ ሕክምና በኋላ ለአረጋውያን ሾርባ ብቻውን አይበቃም

አዲሱ ቫልቭ (ደም በልብ ውስጥ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው በር) በደንብ ይሠራል፣ ቁስሉም እየደረቀ ነው፣ አባት ግን ከወንበር ለመነሳት ሰው ይፈልጋሉ። እንዲህ ሲሆን ቤተሰብ ልብን ይጠራጠራል። በ70ዎቹና በ80ዎቹ ዕድሜ ላይ ባለ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ያለቀው የጭንና የዳሌ ጡንቻ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሰውነት ቁስሉን ለመጠገን ፕሮቲን ይፈልጋል፤ በምግብ ካላገኘው ከጡንቻ ይወስዳል። አረጋዊ ደግሞ ቀድሞውኑ ጡንቻው የሳሳ ስለሆነ በጥቂት ቀናት ያጣውን ለመመለስ ወራት ይፈጅበታል። ስለዚህ አስታማሚ ከሚያደርገው ሁሉ ትልቁ ሥራ ምግቡን በልክ ማድረስ ነው እንላለን።

ልኩ ይታወቃል። ለሚያገግም አረጋዊ በኪሎ ክብደት በቀን ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ይመከራል። 60 ኪሎ ለሚመዝኑ እናት ከ72 እስከ 90 ግራም ማለት ነው። የኩላሊት ሕመም ካለ ይህ ቁጥር ስለሚለወጥ ሐኪሙ ይወስን። ኃይል ሰጪ ምግብም በኪሎ ከ25 እስከ 30 ካሎሪ ገደማ መድረስ አለበት፤ አለዚያ የተበላው ፕሮቲን ራሱ እንደ ማገዶ ይቃጠላል።

እዚህ ላይ ነው የቤታችን ልማድ የሚያሳስተን። ለታማሚ የሚቀርበው መረቅና ቀጭን አጥሚት ነው። የቅቅሉ ሥጋ ለጠያቂ ቀርቦ መረቁ ብቻ ለታማሚው ከተሰጠ ፕሮቲኑ አብዛኛው ሥጋው ላይ ቀርቷል። በውሃ የተሠራ አንድ ኩባያ አጥሚት ደግሞ ከአራት ግራም ብዙም አይበልጥም። ያንኑ አጥሚት በወተት ብትሠሩትና አንድ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ ብትጨምሩበት ወደ 15 ግራም ይጠጋል፤ የሚጠጣው መጠን ግን ያው ነው። የምግብ ፍላጎቱ ለጠፋ ሰው መፍትሔው ሳህኑን ማብዛት ሳይሆን እያንዳንዱን ጉርሻ ማክበድ ነው።

አንድ ቀን እንዲህ ሊታሰብ ይችላል። ጠዋት ሁለት እንቁላል (12 ግራም) ከአንድ ብርጭቆ ወተት ጋር (8)። ረፋድ ላይ አንድ እፍኝ የተፈጨ ለውዝ (7)። ምሳ ደረቁ 70 ግራም ያህል ከነበረ ምስር የተሠራ ወጥ (16) ከአንድ መካከለኛ እንጀራ ጋር (4)። አሥር ሰዓት ላይ አንድ ብርጭቆ እርጎ (8)። ማታ የእጅ መዳፍ የሚያክል ዓሣ ወይም ዶሮ (22)። ድምሩ 77 ነው። ሁሉንም በሦስት ማዕድ ለመጨረስ መሞከር አይሠራም፤ ልቡ የደከመ ሰው ጉበቱና አንጀቱ በደም መጠራቀም ስለሚጨናነቁ ቶሎ ይጠግባል። አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ይሻላል። ውሃና ሻይ ከምግብ በፊት አይቅረቡ፤ ሆዱን በባዶ ይሞሉታል።

ዝግጅቱ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይጀምር። ባለፉት ሦስት ወራት ሳይፈልጉ ከክብደታቸው 5 በመቶ በላይ የቀነሱ ሰው (ከ60 ኪሎ 3 ኪሎ) ቀጠሮው የሚፈቅድ ከሆነ ከ7 እስከ 14 ቀን በደንብ ተመግበው መግባታቸው ይጠቅማል። ሚዛኑ ግን ያታልላል፤ እግር ያበጠ ሰው ሥጋው እየከሳ ኪሎው ባለበት ሊቆም ይችላል። የባት ዙሪያን በልብስ ሰፊ ሜትር መለካት ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል፤ እብጠት በሌለበት ከ31 ሳንቲ ሜትር ማነስ ጡንቻ ማለቁን ያመለክታል። ጥርስንም አስቀድሞ ማሳየት ግድ ነው። የበሰበሰ ጥርስ ማኘክ ከመከልከሉም በላይ ከድድ ተነስቶ ወደ አዲሱ ቫልቭ የሚሄድ ተሕዋስ ልብን ሊያመረቅዝ ይችላል። የደም ማነስ ካለም ምክንያቱ ይፈለግ። የአኦርታ ቫልቭ (ደም ከልብ ወደ ሰውነት የሚወጣበት በር) መጥበብ ባለባቸው አረጋውያን ከአንጀት ቀስ እያለ የሚንጠባጠብ ደም የታወቀ ነገር ስለሆነ «ስላልበሉ ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም።

የማደንዘዣ ጾምም በልክ ነው። በተለመደው መመሪያ ጠንካራ ምግብ ማደንዘዣው ከመሰጠቱ 6 ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ንጹሕ ውሃ ደግሞ 2 ሰዓት ቀደም ብሎ ይቆማል፤ የስኳር ሕመም ላለበት ወይም ጨጓራው ቀስ ብሎ ለሚፈጭ ሰው ሰዓቱ ስለሚለይ የማደንዘዣ ባለሙያውን ጠይቁ። ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ተራው ወደ ነገ ሲተላለፍ ነው። መተላለፉ እንደተነገረ ወዲያው ይብሉ፤ ሁለትና ሦስት ጊዜ እየተላለፈ በባዶ ሆድ ውለው የሚያድሩ አረጋውያን ገና ሳይቀደዱ ይደክማሉ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄ መዋጥ ይችላሉ ወይ የሚለው ነው። የመተንፈሻው ቱቦ ከወጣ በኋላ ድምፃቸው ከሻከረ ወይም ውሃ ሲጠጡ ካሳላቸው ምግብ ከመስጠት በፊት ለነርሷ ተናገሩ፤ ወደ ሳንባ የገባ ምግብ የሳንባ ምች ያመጣል። ሲበሉ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት አይጋደሙ። የሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን፣ መነጽራቸውንና የጆሮ መሣሪያቸውን አትርሱ። የማያይና የማይሰማ አረጋዊ ቶሎ ግራ ይጋባል፣ ይቃዣል፤ የሚቃዥ ሰው ደግሞ አይበላም። ለቀናት ምግብ ብረት ብረት ሊላቸው፣ ወጥ ሊሸታቸው ይችላል። ያኔ ቀዝቀዝ ያለ እርጎና የተቀቀለ እንቁላል ከትኩስ ወጥ ይልቅ ይወርዳል።

ትራማዶልና ኮዴይን የመሰሉ ማስታገሻዎች ሆድ ያደርቃሉ፤ ሆድ ሲደርቅ ፍላጎት ይዘጋል። ሁለት ቀን ካለፈ ማለስለሻ ይጠየቅ። ተልባ ይረዳል፤ በቂ ውሃ ከሌለው ግን ድርቀቱን ያባብሳል፣ ከክኒን ጋርም አንድ ላይ አይወሰድ። ፈሳሽ የተመጠነባቸው ከሆነ የተልባውም ውሃ ከልኩ ውስጥ ይቆጠር።

ጨው በቀን 5 ግራም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ ነው። ብዙዎቻችን የምንረሳው ሽሮውና በርበሬው ሲዘጋጅ አብሮ የተፈጨውን ጨው ነው። ለእርሳቸው ያለ ጨው የተዘጋጀ ሽሮ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ በነጭ ሽንኩርት፣ በኮረሪማና በሎሚ ጣዕም ይያዝ። ሆኖም ምንም የማይበሉ ሰው ፊት አልጫ ምግብ አስቀምጦ «ጨው ተከልክሏል» ማለት አይረዳም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መብላታቸው ይቀድማል ብለን እናምናለን፤ እብጠት ካለ ግን ልኩን ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ። ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት ይመዘኑ። በአንድ ቀን ከ1 ኪሎ በላይ ወይም በሳምንት ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመሩ ውሃ ነውና ደውሉ።

ስለ ጎመንና ደም እንዳይረጋ ስለሚሰጠው መድኃኒት፣ ስለ ዋርፋሪን፣ የሚነገረው ብዙ ጊዜ ተዛብቶ ነው። ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ቫይታሚን ኬ ስላላቸው የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳሉ። ይሁንና መፍትሔው መከልከል ሳይሆን በየሳምንቱ ተመሳሳይ መጠን መብላት ነው፤ መድኃኒቱ በዚያ ልክ ይስተካከላል። አደጋው መዋዠቁ ላይ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ጎመን በየቀኑ ይሆንና አይኤንአር (ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው የምርመራ ቁጥር) ይወርዳል፣ ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። በተቃራኒው ምግብ ሲያቆሙ ወይም ተቅማጥ ሲይዛቸው አይኤንአር ይወጣል፣ ይደማሉ። ስለዚህ ሦስት ቀን በደንብ ያልበላ ዋርፋሪን ወሳጅ ደሙን ይመርመር። ሜትሮኒዳዞልና ኮትሪሞክሳዞል የተባሉ ፀረ ተሕዋስ መድኃኒቶች አይኤንአርን ከፍ ያደርጋሉ፤ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የተባሉ ማስታገሻዎች ደግሞ ጨጓራ ያደማሉ። አብሽን በባዶ ሆድ፣ ነጭ ሽንኩርትን በማር እንደ መድኃኒት አብዝቶ መውሰድም ይቅር፤ በወጥ ውስጥ ያለው አያሳስብም። ከእንስሳ ሕብረ ሕዋስ የተሠራ ቫልቭ የገባላቸው ብዙዎች ዋርፋሪን የሚወስዱት ለጥቂት ወራት ብቻ ነው፤ አስፕሪን ብቻ የሚታዘዝላቸውም አሉ።

ጾምን በተመለከተ ቁጥሩን ፊት ለፊት እንየው። ምስሩ 16፣ ከ40 ግራም ዱቄት የተሠራ ሽሮ 8፣ ሁለት እፍኝ ለውዝ 14፣ የሽምብራ ንፍሮ 10፣ ሁለት እንጀራ 8፣ አንድ ብርጭቆ የአኩሪ አተር ወተት 8። ሁሉም ተበልቶ እንኳ 64 ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ ይህን ሁሉ የሚጨርስ አረጋዊ ታማሚ አይገኝም። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስገድድም፣ በረመዳንም ለታመመ ፈቃድ አለ። አስቸጋሪው እናታችንን ማሳመን ነውና የነፍስ አባታቸው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቢያነጋግሯቸው የልጆች ልመና የማያመጣውን ያመጣል።

የተበላው ጡንቻ እንዲሆን እግር መሥራት አለበት። እጆቻቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ወይም ትራስ አቅፈው ከወንበር አምስት ጊዜ ይነሱ ይቀመጡ፤ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ፊዚዮቴራፒስቱ ከፈቀደ በኋላ። የደረት አጥንት ለመጋጠም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ስለሚፈልግ ከ4 ኪሎ በላይ አያንሱ፣ በእጃቸው ተደግፈው አይነሱ። መሬት ደግፎ የሚደረግ ስግደትም ሙሉ ክብደቱን በክንድ በኩል ደረት ላይ ስለሚጥል እስኪፈቀድ ድረስ ተቀምጠው ይጸልዩ። የልብ ሐኪሙ አላን ክሪቢዬ በ2002 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ሩዋን ከተማ በጀመሩት መንገድ፣ በደም ሥር በካቴተር (ቀጭን ቱቦ) ቫልቭ የገባላቸው ሰዎች የደረት አጥንታቸው ስላልተሰነጠቀ ቶሎ ይራመዳሉ፤ የፕሮቲኑ ልክ ግን ለእነርሱም ያው ነው።

ጥቁር ሰገራ፣ ትኩሳት፣ ከደረት ቁስል የሚወጣ ፈሳሽ፣ ሲያስላቸው ደረታቸው ውስጥ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ካለ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዷቸው።