ከከዚራ እስከ ሐረር በቆመች ፔጆ 404

አጎቴ ፔጆ 404 ታክሲውን ከሐረር አውርዶ ድሬዳዋ ከዚራ በሚገኘው የቤተሰብ ግቢ ሲያቆማት «ለጊዜው ነው» ብሎ ነበር። ባጃጅ የሐረርን ጠባብ መንገዶች በያዘበት በዚያ ወቅት፣ ቤንዚን የምትወድ አሮጌ መኪና ይዞ ተራ መጠበቅ አላዋጣውም። ከዚያ ሕመም መጣ፣ ከሕመሙም በኋላ ኀዘን፤ መኪናዋም ሰማያዊና ነጭ ቀለሟ አቧራ ለብሶ በአራት ድንጋዮች ላይ እንደተቀመጠች ከአሥር ዓመት በላይ ቆየች። እንደገና መንገድ ላይ ሊያወጣት የቆረጠው ልጁ ሲሆን፣ ምክንያቱም የአባት ትዝታ ብቻ አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ካናረ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በየጓሮው የተረሳ ብረት ሁሉ እንደገና ዓይን ውስጥ ገብቷል። «ና አቦ፣ አብረን እናስነሣት» ብሎ ደወለልኝ፤ እኔም ከአዲስ አበባ በባቡር ወረድኩ።

አዲሱ የባቡር ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ በመሆኑ እስከ ከዚራ ባጃጅ መያዝ ግድ ይላል። በመንገዴ ላይ አሮጌውን ለገሃር አልፌ ሄድኩ። ከጂቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደርሶ ድሬዳዋን ከቆረቆረ በኋላ፣ የምድር ባቡሩ ወርክሾፕ ለብዙ አሠርት ዓመታት የከተማዋ ዋና የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት ሆኖ ኖሯል። ይህን የማነሣው የከተማ ታሪክ ለመንገር ሳይሆን፣ የአጎቴ ልጅ ያገኘው መካኒክ ከዚያው ወርክሾፕ በጡረታ የወጡ አዛውንት ስለነበሩና የሥራ ልማዳቸውም በሙሉ ከዚያ የመጣ ስለሆነ ነው። ቁልፎቻቸውን በመጠን ደርድረው በንጹሕ ጨርቅ ላይ ካላስቀመጡ አንዲት ብሎን አይነኩም፤ ሥራቸውን ጎህ ሲቀድ ጀምረው ሙቀቱ ሳይበረታ ያቆማሉ። ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ ላይ ሰው እንዲሠራ መጠበቅ፣ በተለይ የበርጫ ሰዓት ከደረሰ፣ ከንቱ ድካም መሆኑን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ብቻ ነው።

ጋሼ (ሁላችንም የምንጠራቸው እንዲሁ ነበር) መጀመሪያ ያደረጉት ነገር መኪናዋን እየዞሩ መዳሰስ ነው። የድሬዳዋ ደረቅ አየር ለብረት ምሕረት አለው፤ የበሮቹ የታችኛው ጠርዝ እንኳ ዝገት አልበላውም ነበር። ጎማ የሆነውን ነገር ግን ሙቀቱ አልማረውም። የበሩን ዙሪያ ማሸጊያ በጣታቸው ቢነኩት እንደ ደረቀ እንጀራ ተፈረፈረ። የራዲያተሩ ማኒኮቶ (የውሃ ቱቦው) ሲጫኑት ተሰነጠቀ፣ ቺንጊያውም (የሞተሩ ቀበቶ) ሲታጠፍ ሁለት ሆነ። አጎቴ መኪናዋን በድንጋይ ላይ ማንሣቱ ጎማዎቹ በአንድ ጎን እንዳይጨፈለቁ ቢረዳም፣ ጎናቸው ላይ ያለው መሰነጣጠቅ ሲታይ ከግቢው በር የሚያልፉ አልነበሩም። ጋሼ ይህን ሁሉ ካዩ በኋላ ወደ ማስነሻ ቁልፉ ዞረው እንኳ አላዩም፤ የአጎቴ ልጅ አዲስ ባትሪ ይዞ በሞተሪኖ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ማስነሻው፣ ሊሞክራት ሲል «እጅህን አንሣ ልጄ፣ ደርቆ የከረመ ፒስተን በግድ አይጎተትም» አሉት።

እነሆ ያደረጉት። የዚህች መኪና ሞተር 1618 ሲሲ ሲሆን፣ ኮፈኑ ዝቅ እንዲል ተብሎ 45 ዲግሪ ወደ ቀኝ ተጋድሞ የተሠራ ነው፤ እሳት የሚረጩት ካንዴላዎቹም ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠዋል። አራቱንም ፈትተው፣ የሞተር ዘይትና ነጭ ጋዝ የቀላቀሉበትን ፈሳሽ በመርፌ በየሲሊንደሩ ጥቂት ጥቂት ጨመሩና ሌላ ሥራ ውስጥ ገቡ። ዘይቱ በፋሻዎቹ (የፒስተኑ ቀለበቶች) ዙሪያ እስኪሰርግ ድረስ የቤንዚን ታንከሩን አወረድን። ከውስጡ የወጣው ፈሳሽ ቤንዚን መባል አይገባውም፤ ቀለሙ እንደ ጠቆረ ሻይ፣ ሽታው የቫርኒሽ ነበር። ቤንዚን ለዓመታት ሲቀመጥ ቀላሉ ክፍል ይተንና የሚጣበቀው ይቀራል፤ ይኸው ሙጫ የካርቡሬተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ደፍኗቸው ስለነበር፣ እያንዳንዷን በአየርና በቀጭን የመዳብ ሽቦ መክፈት ረጅም ጊዜ ወሰደ። በብረት ሽቦ መውጋት ቀዳዳውን ስለሚያሰፋ ጋሼ አይፈቅዱም። ሞተሩን በማኖቬላ፣ በእጅ ማዞሪያው ብረት፣ ለማዞር የሞከሩት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። መጀመሪያ እንቢ አለ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ቆርጠም ብሎ ዞረ።

አንድ የሚያስቅ ነገር በመሐል ተፈጠረ። ረዳታቸው የሆነው ወጣት የካንዴላ ገመዶቹን እንደለመደው አንደኛውን ሲሊንደር ከራዲያተሩ በኩል ቆጥሮ ሰካና ሞተሩ ሲዞር ካርቡሬተሩ መልሶ ተኮሰ፤ አንድ ጊዜም ነበልባል ተፋ። ጋሼ ሳይናደዱ ገመዶቹን ነቅለው «ፔጆ ከኋላ፣ ከቮላኖው በኩል ነው የሚቆጠረው» አሉት፤ ቮላኖ ከሞተሩ ኋላ የሚዞረው ከባድ ጎማ መሳይ ብረት ነው። የመቀጣጠሉ ቅደም ተከተል 1-3-4-2 ስለሆነ ከየትኛውም ጫፍ ቢቆጠር ተራው አይለወጥም፤ ነገር ግን እሳቱ አንድ ሙሉ የሞተር ዙር ተዛንፎ ቫልቩ ክፍት በሆነበት ሰዓት ይመጣል። ገመዶቹ ሲስተካከሉ መኪናዋ ተነሣች። ጎረቤት ወጣ፣ ሕፃናት ጮኹ፣ አክስቴ እልል አለች፤ የአጎቴ ልጅ ወዲያውኑ ሐረር ልንሄድ ነው ብሎ መዘጋጀት ጀመረ። ጋሼ ሞተሩን አጠፉና «መነሣቷ ምን ይደንቃል? መቆሟን ንገሩኝ» አሉ።

ከዚህ በኋላ የሆነው የጉዞው ዋና ክፍል ይመስለኛል። አሮጌ መኪና ስለማስነሣት የሚያወሩ ሰዎች ሁሉ ታሪካቸውን ሞተሩ በተነሣበት ያበቁታል፤ ሰው የሚገድለው ግን ያልተነሣ ሞተር ሳይሆን ያልያዘ ፍሬን ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ በታች መፍላት የሌለበት ሲሆን፣ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል፤ የጠጣው ውሃም የቆመ መኪናን ፖምፓ፣ ማለትም በዘይት ግፊት ፍሬኑን የሚገፋውን ሲሊንደር፣ ከውስጥ ያዝገዋል። ከጎማው ጋር የሚዞሩት አራቱም የፍሬን ታምቡሮች ሲወልቁ ያየነው ይህንኑ ነው፤ በየጎማው ውስጥ ካሉት ትናንሽ ፖምፓዎች የሚንቀሳቀስ አልነበረም፣ ጎሚኒዎቹም (የላስቲክ ማሸጊያዎቹ) ከብረቱ ጋር ተጣብቀው ነበር። ጋሼ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በጣታቸው ላይ ጠቅልለው የፖምፓዎቹን ውስጥ አሻሹ፤ ጥፍራቸውን አስገብተው ጉድጓድ የዳሰሱባቸውን ሁለቱን ግን ጣሏቸው። ምትኩን ያገኘነው ሐረር ካለ አንድ የፔጆ ሾፌር ሲሆን፣ በሚኒባስ ሾፌር እጅ ተልኮ ደረሰን። ታምቡሮቹ ቶርኖ ቤት ሄደው ተላጉ፣ ታምቡሩን ይዘው የሚያቆሙት የፍሬን ሸራዎቹም ተለወጡ።

ይህም ሆኖ የፊት ግራ ጎማ አስቸገረ። ፔዳሉ ሲረገጥ ይይዛል፤ ሲለቀቅ ግን ጎማው እንደታሰረ ይቀራል፣ ጥቂት ቆይቶ ብቻ ቀስ እያለ ይፈታል። የአጎቴ ልጅ ችግሩ የሸራው ውፍረት ነው ብሎ ሊሞርደው ተነሣ። ጋሼ የአየር ማውጫዋን ብሎን በሩብ ዙር ፈቱ፤ ዘይቱ ፊጭ ብሎ ወጣና ጎማው በዚያው ቅጽበት ተለቀቀ። ከዚያ ወደ ጎማው የሚሄደውን የላስቲክ ቱቦ አውልቀው በቢላ ለሁለት ሰነጠቁትና መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ከውጭ ምንም አልሆነም፤ ከውስጥ ግን ላስቲኩ አብጦ ቀዳዳው መርፌ የማያሳልፍ ሆኗል። የእግር ጉልበት ዘይቱን ወደ ጎማው ሊገፋው ይችላል፣ የሸራው ስፕሪንግ ግን መልሶ ሊያወጣው አቅም የለውም። ሦስቱንም ቱቦዎች ለወጥን። ያቺን የተሰነጠቀች ቱቦ ላላየ ሰው የፍሬን ቱቦ በዕድሜው ብቻ ይለወጣል ማለት ገንዘብ ማባከን ይመስለዋል።

ስለ ወረቀቱ ብዙ አልልም። ሊብሬው በሟች ስም ስለነበር የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ፣ የሦስተኛ ወገን መድን፣ እንዲሁም መኪናዋ የሐረር ታክሲ ስለሆነች ለምርመራ እስከዚያ የምትሄድበት ፈቃድ አስፈልጎናል። በየመስኮቱ ከሚፈለገው በላይ ቆምን፤ ተገኘ።

የወጣነው ማለዳ ነው፤ የአጎቴ ልጅ ይነዳል፣ እኔ ከጎኑ፣ ጋሼ ከኋላ ሁለት ጀሪካን ውሃ በእግራቸው መካከል ይዘው። ከድሬዳዋ ሐረር ወደ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን 1,200 ሜትር አካባቢ ከሆነው ሜዳ ተነሥቶ ሐረማያ አካባቢ እስከ 2,000 ሜትር የሚወጣና አብዛኛውን ዳገት ገና በመጀመሪያው ላይ የሚያስጨርስ መንገድ ነው። ጋሼ የመጀመሪያው ጉዞ ሽቅብ በመሆኑ ደስ ብሏቸው ነበር፤ ዳገት ላይ የሚያስቸግር መኪና ይቆማል፣ ቁልቁለት ላይ የሚያስቸግር ግን አይቆምም አሉ። በደንገጎ ጥምዝምዞች ላይ በሁለተኛ ማርሽ እየሄድን ሳለ የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ቀዩ ተጠጋ። ኮፈኑን ስንከፍት ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ቬንቲሌተር በስንፍና ይንቀዋለላል እንጂ አይዞርም። የ404 ቬንቲሌተር ውሃው እስኪሞቅ ድረስ ራሱን የሚያላቅቅ፣ ከዚያ በኤሌክትሪክ ማግኔት ተይዞ የሚዞር ነው፤ ለማግኔቱ ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው ካርቦን አልቆ ኖሯል። ከፍታው ደግሞ አያግዝም፤ 2,000 ሜትር ላይ ክዳኑ ግፊት የማይዝ ራዲያተር ውሃው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ጋሼ ከቬንቲሌተሩ ፊት ያሉትን ሦስት ብሎኖች አጥብቀው ከመዘውሩ ጋር አንድ አደረጉት። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጨመረ፣ መርፌው ግን ወረደ። ጫት የጫኑ አይሱዙዎች ክላክስ እየነፉ ቁልቁል ሲያልፉን እኛ መንገድ ዳር ውሃ እንሞላ ነበር።

ከደንገጎ በኋላ መንገዱ ይለሰልሳል። አዴሌን፣ ደርቆ የነበረውና ውሃው የተመለሰለትን የሐረማያን ሐይቅ፣ ከዚያም የአወዳይን የጫት ገበያ ግርግር አለፍን። አወዳይ ላይ አንድ ልጅ በድንገት ከፊታችን ሲሮጥ መኪናዋ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳትጎትት ቀጥ ብላ ቆመች። ጋሼ ከኋላ ምንም አላሉም፤ የአጎቴ ልጅ ግን ዞር ብሎ አያቸውና ሳቀ።

ሐረር ስንገባ የፔጆ ሾፌሮች ከበቡን። ፖምፓውን የላከልን ሰው መኪናዋን ገና ከሩቅ በአጎቴ ስም ጠራት። ከመካከላቸው አንዱ 404 የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. በ1963፣ 1966፣ 1967 እና 1968 ማሸነፏን ትናንት እንደተደረገ አድርጎ ተረከልን። በምርመራው ላይ መብራቱ፣ መሪውና የእግር ፍሬኑ አለፉ፤ የእጅ ፍሬኑ ወደቀ፣ ገመዱ ተለጥጦ ኖሯል። ከሸዋ በር ወጣ ብሎ ባለ ጋራዥ ገመዱን አሳጥረን ስንመለስ መርማሪው ተዳፋቱ ላይ አቁሞ ፈተናት፣ ቦሎውንም መስተዋቱ ላይ ለጠፈ። የአጎቴ ልጅ በዚያው ቀን ፈረስ መጋላ ተራ ያዘ። እኔና ጋሼ ወደ ድሬዳዋ በሚኒባስ ወረድን፤ እሳቸው የቬንቲሌተሩን ካርቦን የሚፈልጉበትን ሱቅ እየቆጠሩ፣ ቁልቁለቱም ላይ የሚኒባሱን ፍሬን በጆሯቸው እየመረመሩ።