ነቀልኳት፣ ደረቀ

ዛሬ ጠዋት ትንሿን የዩኤስቢ ዋይፋይ ከላፕቶፑ ነቀልኳት፤ ላፕቶፑን የሚያሠራው ሊኑክስ እዚያው ደረቀ። ቀስቷ ባለችበት ተተከለች። የካፕስ ሎክ መብራት እንኳ ብጫን ብጫን አልበራም፤ ይህ ከርነሉ፣ ማለትም ሁሉን የሚያዘው የሊኑክስ እምብርት፣ ራሱ መቆሙን ይጠቁማል። በግድ አጠፋሁት፤ ያላስቀመጥኩት ግማሽ ገጽ አብሮ ሄደ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የዩኤስቢውን ቀዳዳ ነበር። በከንቱ አማሁት፤ ፍላሽ ስሰካና ስነቅል ምንም አልሆነም። ሊኑክስ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበትን የቀድሞውን መዝገብ ብከፍት የመጨረሻዎቹ መስመሮች የሉም፤ ዲስክ ላይ ሳይጻፉ ቀርተዋል። ስለዚህ ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ3 ተጭኜ ወደ ጥቁሩ የጽሑፍ ገጽ ገባሁና ሆን ብዬ ነቀልኳት። ስክሪኑ በስህተት መልእክት ተጥለቀለቀ፤ መካከሉ ላይ የዋይፋዩ ድራይቨር (ዕቃውን የሚያሠራው ፕሮግራም) ስም ተቀምጧል።

ጥፋቱ የእኔው ነው። ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር የመጣ ሳይሆን ከወራት በፊት ራሴ ከምንጭ ኮዱ ገንብቼ የጫንኩት ነው። ዕቃው ከተነቀለም በኋላ ድራይቨሩ የተለቀቀ፣ የእሱ ያልሆነ ሜሞሪ ይነካል። ተራ ፕሮግራም ቢሆን ብቻውን ይወድቅ ነበር፤ ከርነል ውስጥ ያለ ድራይቨር ግን ሁሉን ይዞ ሊወድቅ ይችላል።

አሁን ግንኙነቱን አቋርጬ፣ ድራይቨሩን ሞድፕሮብ በሚባለው ትእዛዝ ከከርነሉ አውጥቼ ነው የምነቅላት። አምስት ጊዜ ሞከርኩት፤ አልደረቀም። ስድስተኛውን ግን ጽሑፌን ሳላስቀምጥ አልሞክረውም።