ላይብረሪ ውስጥ ትልልቅ ሰዎችን ፊደል ማስቆጠር፣ 3ኛ ወር

ሰላም ጓዶች እንዴት ከረማችሁ፣ እዚህ ደብረ ማርቆስ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ላይብረሪ ውስጥ ትልልቅ ሰዎችን ማንበብና መጻፍ ማስተማር ከጀመርኩ 3 ወር ሞላኝ፣ እናንተም ጋ የጀመራችሁ ስላላችሁ እስካሁን ያየሁትን ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ልክ እንደ ሕፃን ነበር የያዝኳቸው፣ 33ቱን ፊደል ከነዘሩ፣ 231ዱንም ግድግዳ ላይ ለጥፌ ከሀ ሁ ጀመርኩ። 11 ሰው ነበር፣ በ4ኛው ቅዳሜ 5ቱ መምጣት ተዉ። አልፈርድባቸውም፣ ሲለፋ የሰነበተ ሰው እስከ ፐ ድረስ ታገስ ቢሉት በምን አቅሙ!

ነገሩን የለወጡልኝ ጠላ የሚሸጡ አንዲት እናት ናቸው። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሲጀመር ልጅ ነበሩ፣ ትንሽ ጀማምረው ከብት የሚጠብቅ ጠፋና ቀሩ። ስልካቸውን አውጥተው "ይኸውልህ ልጄ፣ ይሄ የልጄ ቁጥር ነው፣ በመጨረሻዋ ቁጥር ነው የምለየው" አሉኝ፣ ሳየው "ልጄ" ተብሎ ነው የተመዘገበው። በቃ ከዛው ጀመርን። ጄን በጣታቸው እየነኩ "ይቺ እግሯ ላይ ያለች ቀለበት ምንድን ናት?" ሲሉኝ ቤቴ፣ ስሜ፣ እጄ ብዬ ጻፍኩላቸው፣ ሁሉም መጨረሻቸው ላይ ቀለበት አላቸው። ኃምሷ፣ ማለትም በየፊደሉ ዘር 5ኛዋ፣ "የኔ" እንደምትል ይሄን ሁሉ ዓመት ሳነብ ልብ ብዬው አላውቅም። የዛን ቀን "እናቴ"ን ራሳቸው ጻፉ፣ እስክሪብቶውን ሲለቁት ጣታቸው ላይ ሰርጉዶ ነበር።

ከዛ ወዲህ ሁሉም በሚፈልገው ቃል ነው የሚጀምረው። የጥበቃ ሥራ የሚፈልግ ሰውዬ አለ፣ ለሱ ደብተር ላይ አስምሬ ቀን፣ ስም፣ የገባበት ሰዓት፣ የወጣበት ሰዓት እያልን እውነተኛ መዝገብ አስመስለን እንሞላለን፣ ወደ ላይብረሪው የሚገባውን ሰው ሁሉ እየጠየቀ ይመዘግባል። ወጣቶቹ ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ ሲቪ ይጽፋሉ፣ እሱ ብዙም አላስቸገረኝም።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ "አይገባኝም" የሚሉ ሰዎች አንዳንዴ ችግራቸው ዓይን ነው። ሁለቱ መነጽር ሲያደርጉ ያነባሉ፣ በትልቁ ጻፉላቸው።

የከበደኝ ነገር ግን አለ። አንድ ገበሬ አባት "በሬም ቀለበት አለው፣ የኔ ማለት ነው?" አሉኝ፣ ሬ ጠበቅ ሲል የኔ በር ነው ላላ ሲል የሚያርሰው ነው ብዬ በአፍ ነገርኳቸው፣ ወረቀቱ ላይ ግን ልዩነት የለውም። እናንተ ይሄን እንዴት ነው የምታሳዩዋቸው? ለቅዳሜ እንዲደርስልኝ ጻፉልኝ።